የራስን ፎቶግራፍ ለንግድ ስለ ማዋል

በዛሬው ዓምዳችን የምንጽፈው፥ ያነሡትን ፎቶግራፍ በቀን መቁጠሪያ፥ በፖስት ካርድ፥ በሲኒና በካናቴራ ላይ እያሳተሙ ለመሸጥ ለሚያስቡ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ነው። «ያነሣሁት እኔ ነኝና የእኔ ነው» ሲባል በየቤቱ እንሰማለን። አነጋገሩ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን እውነቱ ግማሽ ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን ጌጃ ሰፈርን እናስብ። በልደታ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ስለ ተተካባቸው፥ የቀድሞው መንደር ሥዕል እንደ መታሰቢያ መፈለጉ አያስደንቅም። አንድ የሰፈሩ ልጅ ጎረቤቱን እማማን ከረከቦት ፊት ተቀምጠው ቡና ሲቀዱ አነሣቸው እንበል። እርሳቸውም ልጄ ብለው ፈገግ አሉለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መልካቸው በ200 ሲኒዎች ላይ ታትሞ በሱቅ መስኮት ተደረደረ። ልጁ ሌባ ነውን? አይደለም። ሙሉ መብት አለውን? ይህም አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶግራፍ አንሺው ሥዕሉ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ የ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጠዋል። ነገር ግን ፎቶግራፉ የስብስብ ክፍል የሆነ፥ ወይም በመጽሐፍ የታተመ፥ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን የስም ምልክት ወይም አድራሻ የያዘ መሆን አለበት። ስለዚህ በሥዕሉ ጥግ ላይ ስምን ማተም ትምክሕት አይደለም፤ ንብረትን ማጠር ነው። ደግሞም በሰው ትእዛዝና በገንዘብ የተሠራ ፎቶግራፍ፥ ሌላ ውል ከሌለ በቀር የገንዘብ ጥቅሙ ያዘዘው ሰው ነው። የሠርግ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወጣቶች ሙሽሮቹን ሳያስፈቅዱ ከአልበሙ ቀን መቁጠሪያ ማውጣት እንደማይገባቸው ከዚህ ይረዱ።

ሁለተኛው መብት የእማማ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛ፥ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። ለመነሣት ፈቀዱ ማለት ለመሸጥ ፈቀዱ ማለት አይደለም። በደቡብ ኦሞ ለመነሣት ገንዘብ የሚቀበሉ ወገኖቻችንም ቢሆኑ፥ በዚያች ጥቂት ብር መልካቸው በዓለም ገበያ እንዲዞር ተስማምተዋል ለማለት ይከብደናል።

እንዲህ ያለ ሕግ በሁሉም አገር አልነበረም። በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት የአንዲት ወጣት ሴት ፎቶግራፍ ሳትጠየቅ በ25,000 ያህል የዱቄት ማስታወቂያ ላይ ታትሞ በየሱቁና በየመጠጥ ቤቱ ተለጠፈ። ልጅቱ ከኀፍረት የተነሣ ታመመች። ሆኖም የግዛቲቱ የበላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1902፥ አራት ዳኞች በሦስት ተቃውሞ፥ «እንዲህ ያለ መብት በሕጋችን የለም» ብሎ ክሷን ጣለ። የሕዝቡ ቍጣ ከፍ ስላለ በሚከተለው ዓመት የሰውን ስምና መልክ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለንግድ ማዋልን የሚከለክል ሕግ ወጣ። የእኛው ሕግ ግን ይህን ጥበቃ ከመነሻው ይዞ ተወለደ።

አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይቈጥራል፦ ሰውየው የታወቀ ወይም የመንግሥት ሹም ሲሆን፥ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፥ ለሳይንስ፥ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲውል፥ እንዲሁም በአደባባይ ከተደረገ በዓል ወይም ነገር ጋራ ሲያያዝ። በጃን ሜዳ የጥምቀትን በዓል ከነሕዝቡ አንሥቶ በቀን መቁጠሪያ ማተም በዚህ የሚገባ ይመስለናል። ከዚያው ሕዝብ መካከል ግን አንዲትን እንባዋ የሚወርድ እናት ለይቶ፥ መልኳን አቅርቦ በካናቴራ ላይ መሸጥ ሌላ ነገር ነው፤ እኛስ ሳትጠየቅ አይሁን እንላለን።

የሌላ ሰው ጥበብ በሥዕሉ ውስጥ ሲገኝም መጠንቀቅ ይገባል። የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል ያነሣ ሰው ካሜራው የራሱ ቢሆንም ጥበቡ በ2004 ዓ.ም. ያረፉት የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ነው፤ የደራሲ መብትም ከሞት በኋላ 50 ዓመት ለወራሾች ይጠበቃል።

እማማ ቢከፋቸው ሽያጩ እንዲቆም መጠየቅ ይችላሉ። ዳኛው ሻጩ ካገኘው ጥቅም የማይበልጥ ካሣ ሊፈርድላቸው፥ ተጠይቆ ወዲያው ካላቆመም የኅሊና ጉዳት ካሣ ሊጨምርባቸው ለሻጩ አይራራም። ካረፉ በኋላ ደግሞ ሽያጩ ክብራቸውን የሚነካ ከሆነ መብቱ ለቅርብ ዘመዶቻቸው ያልፋል። የልደታ ፍርድ ቤትም ከጌጃ ሰፈር ሩቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ይቀራል። የትኛው ሥዕል፥ በምን ዕቃ ላይ፥ እስከ መቼ፥ ከሽያጩም ምን ያህል እንደሚከፈል ይጻፍ። ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ይፈቅድለታል። እማማ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ግን ማንበቡና በጎረቤት ፊት ጣት ማስፈረሙ አይበቃም፤ በአንቀጽ 1728 መሠረት የማያነብ ሰው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ስለዚህ ልጁ ሲኒዎቹን ከማሳተሙ አስቀድሞ እማማን ይዞ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ የመኪናውንም ኪራይ እርሱ ይክፈል።