ራጅ የማያሳየው ሕመም

ደሴ ውስጥ «መላ ገላዬን ያመኛል» ላለ ሰው መልሱ ዝግጁ ነው፤ ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው፣ ጋቢ ደርብ። የጦሳ ተራራ ብርድ በእርግጥ ክፉ ነው። ነገር ግን ዓመት ከዓመት የሚያማቸው፣ ሌሊት ብርድ ልብሱ ሲነካቸው ቆዳቸው የሚለበልባቸው፣ አድረው ደክመው የሚነሱ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ራጁም ደሙም ደህና ይሆናል። «እናቴ፣ ምንም የለብዎትም» ተብለው ይሸኛሉ፤ ሰፈር ደግሞ ሥራ ጠልታ ነው ብሎ ያማቸዋል። ይህ ያንገበግበኛል።

የብዙዎቹ ሕመም ፋይብሮማያልጂያ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ዶክተር አን ሉዊዝ ኦክላንደርና ባልደረቦቿ ከ27 የዚህ ሕመም ታማሚዎች እግር ላይ ቅንጣት ቆዳ ወስደው በማይክሮስኮፕ የነርቭ ጫፎቹን ቆጠሩ። በ41 ከመቶዎቹ ላይ ቀጫጭኖቹ ነርቮች ተመናምነው ተገኙ፤ ለንጽጽር ከተመረመሩት ጤነኞች ግን በ3 ከመቶው ብቻ። ሙቀትን፣ ቅዝቃዜንና ሕመምን የሚያደርሱት እነዚህ ነርቮች ናቸው። የተለመደው የነርቭ ኤሌክትሪክ ምርመራ ወፍራሞቹን ብቻ ስለሚለካ «ነርቭሽ ደህና ነው» ይላል።

ለእኛ ግን በቆዳ በኩል ነርቭን መፈተሽ እንግዳ አይደለም። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። የሥጋ ደዌ ምርመራ ዓይን አስጨፍኖ የነጣውን ቆዳ በጥጥ መዳሰስ፣ በመርፌ ጫፍ መንካት፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ብልቃጥ ማስነካት ነው። ይህ ፍተሻ እግሬ ይነደኛል ለምትል እናት ቢደረግ ምን ይከብዳል?

የፋይብሮማያልጂያ ታማሚ ሁሉ ነርቩ ተጎድቷል ማለቴ አይደለም፤ ከግማሽ በላዩ ጉዳት አልታየበትም። እነርሱም ታመዋል፤ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሕመሙን ስሜት አጉልተው ያስተናግዱታል። ጉዳቱ ካለ ግን መንስኤው ይፈለግ። ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ ያለ ቢ6 የተወሰደ አይሶኒያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት ነርቭን ይጎዳሉ፤ አብዛኞቹም ሕክምና አላቸው።

ሌላም አለ። ለዚሁ ሕመም አሚትሪፕቲሊን የተባለ ክኒን ሲታዘዝላቸው የድብርት መድኃኒት መሆኑን ከጎረቤት ሰምተው «አብደሻል አሉኝ» ብለው ክኒኑን የሚጥሉ አሉ። ማታ ማታ በትንሽ መጠን የሚሰጠው የነርቭ ሕመምን ለማስታገስና እንቅልፍን ለማገዝ እንደሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ቢነግራቸው ባልጣሉት ነበር።