በረኪናው ይቅደም ወይስ መስኮቱ?

ሲስተሯ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን ከተገኘ በኋላ ለወራት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠርቻለሁ። ከሁሉ የማልረሳው የአልጋውን ብረት ነው። ታማሚው ሳል ሲያጣድፈው የሚጨብጠው እሱን ነው፤ እኔም ኦክስጅን ለማስተካከል ስጎነበስ የምደገፈው እሱኑ ነው። ከዚያ በዚያው ጓንት ካርድ አነሳለሁ፣ በር እከፍታለሁ። አንድ ሌሊት በረኪና አልቆብን በውሃ ብቻ ስንወለውል አደርን። ጠዋት ቤቴ ገብቼ ልጄን ለማቀፍ ፈራሁ።

ፍርሃቴ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲንጋፖር ውስጥ አንድ የታማሚ ክፍል ከመጽዳቱ በፊት ሲመረመር ከ15 ቦታዎች በ13ቱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ከጽዳት በኋላ በተመረመሩት ክፍሎች ግን የትኛውም ገጽ ላይ አልተገኘም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ በማይዝግ ብረት ላይ እስከ 48 ሰዓት እንደሚቆይ አሳዩ። ስለዚህ በጀት ሲያዝ በረኪና፣ ጓንትና የጽዳት ሠራተኛዋ ሥልጠና ይቅደሙ እላለሁ።

ዶክተሩ

ሲስተር፣ ያንን ብረት እኔም ጨብጬዋለሁ። ነገር ግን የሲንጋፖሩ ምርመራ የሚያሳየው የቫይረሱን የዘረመል ቅሪት ነው፤ ቅሪት ተገኘ ማለት የሚያሳምም ቫይረስ አለ ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ከሆስፒታል ገጾች ከተወሰዱ 218 ናሙናዎች በ114ቱ ላይ ቅሪቱ ታየ፤ ሊራባ የሚችል ቫይረስ ግን ከአንዱም አልተገኘም። የራትገርስ ዩኒቨርሲቲው ኢማኑኤል ጎልድማንም ቫይረሱ ገጽ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ በለኩ የላቦራቶሪ ሙከራዎች ላይ የተደፋው የቫይረስ መጠን ከእውነተኛ ሳል ከሚወጣው እጅግ የበዛ እንደነበር ጽፏል።

አሁን ወደ ክፍላችን እንመለስ። ስምንት አልጋ አለ፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ አንዳንዱም በምስማር ተመትቷል። አንዱን ስከፍት አንዲት አስታማሚ «ብርድ ይመታቸዋል» ብላ መልሳ ዘጋችው። አልተቆጣኋትም፤ በቤትም በታክሲም ያደግንበት ፍርሃት ነው። የታመሙት የተነፈሱት አየር ግን እዚያው ታምቆ ቀረ፣ እኛም ሌሊቱን ሙሉ ስንስበው አደርን። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የሊማ ጥናት፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ቢሆንም፣ ለእኛ በቂ ትምህርት ነው፤ በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ይለወጣል፣ በማሽን አየር በሚያገኙት ክፍሎች ግን 12 ጊዜ።

ሲስተሯ

ዶክተር፣ መስኮቱ ይከፈት፤ በዚህ አንጣላም። ነገር ግን የተበከለ ገጽ በነኩ ቁጥር የመያዝ ዕድሉ ከ10,000 ከ1 በታች ነው የሚለው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ግምት በአብዛኛው የተሠራው ከሆስፒታል ውጭ ባሉ ቦታዎች ላይ ነው። እኔ በአንድ ፈረቃ ስንት መቶ ጊዜ እንደምነካ እርስዎ ያውቃሉ። ብረቱ ላይ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ እነሱን መስኮት አያወጣቸውም። በረኪናን ክፍሉ ውስጥ መርጨትን ግን እቃወማለሁ፤ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ ቆሻሻውንም አያነሳም። ገጹ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጁ ከ49 እጅ ውሃ ጋር ተደባልቆ ይወልወልበት።

ዶክተሩ

በረኪናዎን አልቀማዎትም፣ ሲስተር። ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢሰጠኝ ግን በምስማር የተመቱትን መስኮቶች ነቅዬ እከፍታለሁ። በዚያ ክፍል ስምንት ሰው ይተነፍሳል።