ሰባት ቤት ስንቆጥር ያላፈርን፣ ምርመራ ስንጠይቅ ለምን እናፍራለን?

የጥር ሠርግ ሲቃረብ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «ዶክተር፣ እጮኛዬ ከውጭ ለሦስት ሳምንት ይመጣል፤ ቀለበት ልናስር ነው። ምርመራ እንሂድ ብዬ ብጠይቀው ይቀየመኝ ይሆን?» ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ በጅማ መንገድ ሰበታን አልፎ ካለችው ከተጂም ይጻፍልኛል።

ዛሬ የማወራው ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ወጉ ነው። ኤችአይቪ በምን እንደሚተላለፍ አብዛኛው ሰው ያውቃል። የሚከብደው አፍ አውጥቶ መጠየቁ ነው።

አውሮፓ ወይም አሜሪካ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ቡና መጋበዝን እንደ መተዋወቂያ ያየዋል። ግንኙነቱ ጠበቅ ሲል «መቼ ነው የተመረመርሽው?» ብሎ መጠየቅም ብዙዎች ዘንድ ነውር አይደለም። እዚህ ይገለበጣል። ሁለት ጊዜ ማኪያቶ አብረው ከጠጡ ወሬው እናት ጆሮ ደርሶ «ሽማግሌ መቼ ይላካል?» ይባላል፤ ምርመራ ከተነሣ ግን «ጠረጠርከኝ ማለት ነው?» ይመጣል። የሚገርመኝ ደግሞ እንግዳችን እዚያ በግልጽ የሚጠይቀውን ነገር ቦሌ ሲወርድ መርሳቱ ነው። እሱ «የአገሬ ልጅ፣ ጨዋ ናት» ይላል። እሷ «ውጭ የኖረ ሰው ጤናውን ይጠብቃል» ትላለች። ሁለቱም ግምት ነው።

እኔ እንደማስበው መጀመሪያ ማንሣት ያለበት እንግዳው ነው፤ እንግዳዋም ከሆነች እሷ። ቲኬቱንም፣ የቪዛ ጉዳዩንም፣ ብዙ ጊዜ የሠርጉን ወጪም የያዘው እሱ ነው። እናቷ ድንኳን ያስያዘችላት የቡራዩ ልጅ «ምርመራ» ብላ ዕድሏን ላበላሽ ይሆን ብላ ትፈራለች፤ አልፈርድባትም። ስለዚህ «እሷ ካልጠየቀችኝ እኔ ምን አገባኝ» የሚል እንግዳ ጨዋነት ጎድሎታል ባይ ነኝ። አነጋገሩም ይለያል። «ተመርምረሻል?» ከማለት «እኔ ማክሰኞ ልመረመር ነው፣ አብረን እንሂድ?» ማለት ይቀላል። የመጀመሪያው ፖሊስ ይመስላል።

ለሽማግሌዎቻችንም አንድ ነገር ልበል። ሽማግሌ ሲቀመጥ ዘር ይቆጠራል፤ አማራው ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ ኦሮሞውም ከአንድ ጎሳ እንዳይጋቡ ጎሳ ይጠይቃል። በሕክምና ዓይን ካየነው ይህ የጤና ጥያቄም ነው፤ የቅርብ ዘመዳሞች ሲጋቡ አንዳንድ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች ልጆቻቸው ላይ የመከሰት ዕድላቸው ይጨምራል። «ዘሬን ለምን ጠየቃችሁኝ?» ብሎ ጥሎ የወጣ ሙሽራ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወግ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። «ልጆቹ ተመርምረዋል ወይ?» የሚለውም እዚያው ምንጣፍ ላይ ቢነሣ ከሁለቱ ትከሻ ሸክም ይወርዳል። በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ መጠየቅ የጀመሩት እኮ ቆይቷል። ግን አደራ፣ ሽማግሌ «ተመርምረዋል ወይ?» ብሎ ያቁም። «ውጤቱስ?» አይባልም፤ ውጤቱ የሁለቱ ብቻ ነው። አክስትም፣ ሚዜም ወረቀቱን ማየት የለባቸውም።

አሁን ወደ ጊዜው ጉዳይ፣ ሦስት ሳምንት የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን የኤችአይቪ ምርመራ በቅርቡ የተያዘን ሰው እስከ 3 ወር ድረስ ላያሳይ ይችላል። ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ተጋላጭነት ከነበረ ምርመራው መደገም አለበት፤ እስከዚያ ኮንዶም። «ዱባይ ስገባ ሜዲካል አልፌያለሁ» የምትሉም አላችሁ። ያ ወረቀት የሚናገረው እስከዚያ ሰሞን ስለነበረው ብቻ ነው፣ ዛሬን አያውቅም።

ሄፓታይተስ ቢ የሚረሳው ነው፤ ሰው «የወፍ በሽታ» እያለ ያልፈዋል። ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ጉበት ውስጥ ተቀምጦ በግንኙነት፣ በደም፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ክትባቱ በኢትዮጵያ የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ስለዚህ እዚህ ተወልደው አሁን ለጋብቻ ከደረሱት አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው አልወሰዱትም። ለአዋቂ የተለመደው 3 ዶዝ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር። እናንተ በኢሞ እና በቴሌግራም ስትተዋወቁ የምታሳልፉት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል! ፍቅሩ በስልክ እያለ እዚያም እዚህም ተመርመሩ፣ ክትባቱን ጀምሩ፤ ሲመጣ አብራችሁ ድገሙት።

ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆንስ? ሠርጉ የግድ ይፍረስ ማለት አይደለም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ሄፓታይተስ ቢ ያለበትም ክትትል ይጀምራል፣ ያልያዘው የትዳር አጋር ይከተባል። ልጅም በሐኪም ክትትል ይወለዳል።

የኤችአይቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ ምስጢሩም ይጠበቃል። ሰፈር ውስጥ ሰው እንዳያየን የምትሉ፣ የሱሉልታው ሰበታ፣ የሰበታው ቡራዩ ሄዶ ቢመረመር ምን ችግር አለው? ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የውጤት ወረቀታችሁን ፎቶ ግን ለእኔም አትላኩ።