ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት



በዛሬው የጤና ዓምዳችን በአብርሃ ጅራ፣ በመተማና በአካባቢው ቆላ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንን በማሰብ፣ ከሁሉም ኋላ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ስለሚመጣ አንድ ከባድ ሕመም ልናወጋችሁ ወደድን።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል። ደሙም ይረጋና አጥንቱን እንደ ክዳን ይሸፍነዋል። ይህ የረጋ ደም ከጊዜው በፊት ከወጣ ግን አጥንቱ ገላጣውን ይቀራል። ክራውፎርድ የተባለ ሐኪም በ1896 እ.ኤ.አ. ይህን ሕመም «ደረቅ ጉድጓድ» ብሎ ጠራው። ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው በታችኛው መንጋጋ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ይብሳል፤ ወደ ጆሮ ይወጋል፤ አፍም ይሸታል።

የሰሊጥ አጨዳ ደርሶበት የሚጣደፍ ወጣት አንድ ቀን ማረፍ ይከብደው ይሆናል። ነገር ግን አንዱን ቀን አተርፋለሁ ሲል ሳምንቱን በሕመም ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ፦

ሐኪሙ የሰጠንን ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቀን እንንከስ። በመጀመሪያው ቀን አንጉመጥመጥ፣ በኃይል አንትፋ፣ በቀሰም አንጠጣ፤ ትኩስ ቡናና ሻይም ይቆየን። እርጎና የቀዘቀዘ አጥሚት ይበቃናል። ሲጋራ፣ ሺሻና ከድንበሩ ማዶ የሚዘወተረው ቱምባክ ቢያንስ ለሦስት ቀን ይራቁ፤ ጭራሽ ቢተዉማ እንዴት በታደልን! ከማግስቱ ጀምሮ ከምግብ በኋላ ለብ ባለ የጨው ውሃ አፋችንን ቀስ ብለን እንጠብ። መፋቂያውም ቁስሉን ሳይነካ ሌሎቹን ጥርሶች ያጽዳ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ እህትም አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር፤ ክኒኑ ለዚህ ሕመም ያጋልጣልና።

«ታዲያ ውዱእስ?» የሚል አይጠፋም። በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀቦች በውዱእ ጊዜ አፍን መጉመጥመጥ ሱና ስለሆነ፣ ቢቀር ውዱኡ አይበላሽም። በሐንበሊ መዝሀብና በገላ ትጥበት ጉዳይ ግን ሁኔታውን ለዑለሞች አስረድቶ መጠየቅ ይገባል። ዲናችን ለታማሚ ያገራል እንጂ አያስጨንቅም። ጥርሱ የማያስቸኩል ከሆነም ከረመዳን በፊት ወይም በኋላ ቢነቀል ይመረጣል።

ሕመሙ ከጀመረ ቅርንፉድ፣ ጨው ወይም አስፕሪን ጉድጓዱ ውስጥ አንክተት። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ መድኃኒት ያለው ጨርቅ ያደርግበታል፤ ሕመሙም ቶሎ ይበርዳል። ትኩሳት፣ እብጠት ወይም የማያቆም ደም ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ማሳ ሲነሳ ይህችን ገጽ አንብቡለት።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላም።