መምህር አላከራይም

ከእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ባለ አንድ መኝታ ቤት ሰሞኑን ተለቀቀ። ኮዬ ፈጬ ላይ ቤት ሲለቀቅ ወሬው ከደላላው ቀድሞ ነው ደረጃ የሚወርደው። ታች ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በደባልነት የሚኖረው የፊዚክስ መምህር ሰማና ሊያይ ወጣ። ቤቱን ወደደው፣ በዋጋው ተስማማ፣ ቀብድ ሊቆጥር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አከራይዋ እንደ ዋዛ «ሥራህ ምን ነበር?» አለችው። «መምህር ነኝ» አላት። ቁልፉ ተመልሶ ቦርሳዋ ገባ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ መምህር አላከራይም።» ሲወርዱ ደላላው «ነጋዴ ነኝ ብትላት ምን ይጎድልብህ ነበር?» ብሎ ተቆጣው አሉ። እሱም ኮሚሽኑ ቀረበት።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች የመምህር ኑሮ ሲነሳ ማቆሚያ እንደሌለኝ ታውቃላችሁ። ባለፈው ጊዜ «የመምህር ደመወዙ ክብሩ ነው» ብለው የጻፉልኝ አንድ ሰው ነበሩ። ክብር ተቀብሎ ቁልፍ የሚያስረክብ አከራይ የሚያውቁ ከሆነ አድራሻውን ይላኩልኝና እንታረቅ።

ያበሸቀኝ ግን የአከራይዋ ነገር ብቻ አይደለም፤ እሷም የባንክ ዕዳዋን የምትከፍለው ከዚያው ኪራይ ነው። ይበልጥ ያበሸቀኝ የመምህሩ አለመበሳጨት ነው። «ተዋት ጋሼ፣ እኔም ብዙ አልቆይም» አለኝ። ለካ ከታክሲ ተራው ማዶ ካለው ሕንፃ ምድር ቤት፣ በፀጉር ቤትና በቀለም መሸጫ መካከል፣ ማታ ማታ ጀርመንኛ ይማራል። ኤ ቱ ጨርሶ ቢ ዋን ገብቷል። እሱን ካለፈ እነሱ አውስቢልዱንግ በሚሉት የሙያ ሥልጠና ነርስ ሊሆን ወደ ጀርመን ይሄዳል። «ኒውተንን ትተህ አረጋውያን ልታጥብ?» አልኩት። «እዚያ አረጋውያን የሚያጥብ ሰው ቤት ይከራያል ጋሼ» አለኝ። ምን ይባላል?

አንድ ማታ በዚያ በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ ክፍሉን በመስኮት አየሁት። ውጭ የውሃ ቦቴ ሞተሩን አስነስቶ ያጓራል፤ ውስጥ የታጨቁት ወጣቶች ልክ እንደ ፊደል ቆጠራ «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» እያሉ በኅብረት ይጮኻሉ። የኛ መምህር ኋላ ወንበር ላይ ነው። አጠገቡ ካሉት ሁለቱ አምና ያስተማራቸው ልጆች ናቸው፤ ዘንድሮ የቤት ሥራ የሚኮርጀው ከእነሱ ነው።

ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልድገመው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። መንገዱ በተቃራኒው የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ጀርመን ከ1618 እስከ 1648 በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ስትነድ፣ ጴጥሮስ ሃይሊንግ የተባለ የሊዩቤክ ልጅ ሊያስተምር ወደ እኛ መጣ። ሉተራን ነው። ፓሪስ ተምሯል፤ እዚያ ከአገሩ ከሆላንድ ተሰዶ ይኖር ከነበረው ከታላቁ የሕግ ሊቅ ከሁጎ ግሮቲየስ ጋር ተዋውቋል። ከሊዩቤክ ጓደኞቹ ጋር ሆነው ወደ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሊሄዱ ሲስማሙ ለእሱ የኛ አገር ደረሰችው። የላከው ማኅበር የለም፣ ዶላር የሚልክለት ዋና መሥሪያ ቤት የለም። ግብፅ ወርዶ ገዳማት ውስጥ ዓረብኛ ሲያጠና ቆየና፣ በ1634 ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙትን አዲሱን ጳጳስ አቡነ ማርቆስን ተጠግቶ መንገድ ጀመረ።

ሱዋኪን ወደብ ላይ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ካባረሯቸው ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴስ ጋር ተገናኙ። አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ። ሊቃውንት ናቸውና መከራከራቸው አልቀረም። ሜንዴስም ይህ ሰው አገሪቱ ውስጥ ከገባ ኑፋቄው ብዙ ያጠፋል ብለው መስጋታቸው ተጽፏል። አንድ መምህር ገና ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሳይቆም እንዲህ ከተፈራ፣ ያ ዘመን መምህርን በቁም ነገር ይቆጥር ነበር ማለት ነው።

ሃይሊንግ ሕክምናም ያውቅ ስለነበር ቤተ መንግሥት ለመግባት አልተቸገረም። የመኳንንት ልጆችን ሰብስቦ ያስተምር ጀመር። ሰዉም «ሙዓሊም ጴጥሮስ»፣ መምህር ጴጥሮስ ማለት ነው፣ አለው። የዮሐንስን ወንጌል ወደ አማርኛ መልሷል ይባላል። ጎንደር በ1636 ስትቆረቆር እሱ አገር የለመደ ሰው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። እንደዚያ ለረጅም ጊዜ አንድ አገር ላይ ተቀምጦ የሚያስተምር ሰው ንጉሡ ዘንድ መሰማት አለበት፤ ደግሞም ይሰማ ነበር።

ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ይደርሰኛል። አንደኛው ወገን «የመጀመሪያው ሚሲዮናችን» ብሎ ዘውድ ይጭንለታል፤ ሌላኛው የኑፋቄ ዘር የዘራ ሰርጎ ገብ ነው ይለዋል። ሁለቱም ክፍሉ ውስጥ ገብተው ተማሪዎቹን ያዩ አይመስሉኝም። ሰውየው ከጳጳሱ ጋር መጣ፣ በንጉሡ ጥላ ሥር አስተማረ፣ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አላቆመም። የጀርመን ሉተራኖች በማኅበር ተደራጅተው ወለጋ አይራ የገቡት ከሦስት መቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። የእነሱን ሒሳብ ከእነሱ ጋር አወራርዱ፤ ሙዓሊም ጴጥሮስን ለቀቅ።

እኔን ከሃይማኖቱ ክርክር ይልቅ 1652 ነው የሚይዘኝ። ሃይሊንግ ኢትዮጵያን ለቆ ወደ ባሕሩ የወረደው በዚያው ዓመት ግድም ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ ጀርመን ገባ፤ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ። አባ ካቶሊክ ሆነው ነበርና ፋሲለደስ ካቶሊኮቹን ሲያስወጡ ነው የተሰደዱት። ሃይሊንግን ያስገባው ነፋስ እሳቸውን አስወጣ። ሮም ውስጥ፣ ከቫቲካን ጀርባ ባለው በሐበሾቹ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ሲኖሩ፣ በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት መጥቶ በመጽሐፍ ብቻ በተማረው ግዕዝ ሊያናግራቸው ሞከረ። አነጋገሩን ሰምተው ሳቁበት። ሳቁና ደግሞ አስተማሩት።

ኋላም በጀርመን የጎታው መስፍን ኤርንስት አስጠራቸው። ይህ መስፍን አገሩ በጦርነት ደቅቃ ሳለ በ1642 «ወንዱም ሴቱም ልጅ ይማር» የሚል የትምህርት ደንብ ያወጣ ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስን ቤተ መንግሥቱ አስቀምጦ የኢትዮጵያን ነገር ሁሉ ጠየቃቸው፤ ስለ ሙዓሊም ጴጥሮስም ወሬውን ከእሳቸው ሰማ። ሉዶልፍ ከአባ የተማረውን ይዞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። አባ ጎታ የቆዩት ጥቂት ወራት ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት አማርኛና ግዕዝ የተጠናው ግን በዚያ ትምህርት ላይ ቆሞ ነው። ቢ ዋን የጠየቃቸው አልነበረም።

አገር መግባት ለሁለቱም ቀና፤ የጨከነባቸው መውጫው ነው። ሃይሊንግ ሱዋኪን ሲደርስ የቱርኩ ፓሻ ያዘው፤ ሃይማኖትህን ለውጥ ቢለው እምቢ አለ፣ አንገቱ ተቆረጠ ተብሎ ተተርኳል። እዚህ ላይ ፋሲለደስን ሳልወቅስ አላልፍም። የካቶሊክ ቄሶች ዳግመኛ እንዳይመጡበት ከሱዋኪንና ከምፅዋ ፓሾች ጋር የተዋዋለው እሱ ነው፤ በ1648 ሱዋኪን ላይ የተገደሉት የካፑቺን መነኮሳትም የዚያ ውል ሰለባ ናቸው። ፈረንጅ መግደል ሥራቸው እንዲሆን ከከፈልካቸው፣ መምህርህ በዚያ በር ሲያልፍ ለይተው ያሳልፉታል ብለህ ነው? አባ ጎርጎርዮስም ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነስተው በ1658 ከእስክንድሮና ወደብ አቅራቢያ መርከባቸው ሰጠመች። አንዱን ቀይ ባሕር ዳር፣ ሌላውን ሜዲትራኒያን ላይ አጣናቸው። የሁለቱን ባሕሮች ስም የሰፈሬ ወላጆች ዛሬ በምን ምክንያት እንደሚያውቁት ለእናንተ አልነግርም።

መምህሩ ይህን ሁሉ ሰምቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «እና ጋሼ፣ ጀርመኖቹ የት ደረሰ ብለው አልፈለጉትም?»

ፈልገዋል። ጨዋታውም እዚህ ላይ ነው። መስፍን ኤርንስት በ1663 ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን ስንቅና ደብዳቤ አስይዞ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ሉዶልፍ ራሱ ነበር ግዕዝ ያስተማረው። ቫንስሌብ ግብፅ ድረስ መጣ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትሂድ አሉት፤ እሱም ሁለተኛ እንዲነገረው አልጠበቀም። የሉተራኑን መስፍን ገንዘብ ግብፅ ላይ ጨርሶ፣ ወደ ጎታ በመመለስ ፈንታ ሮም ገባና ካቶሊክ ሆነ፤ ዶሚኒካንም መነኮሰ። ኋላ ደግሞ ለፈረንሳዩ ሚኒስትር ለኮልቤር የብራና መጻሕፍት ሲሰበስብ እናገኘዋለን። እንግዲህ የውሎ አበል በልቶ መስክ ሳይወጡ ሪፖርት ማቅረብ የኛ መሥሪያ ቤቶች ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ባለቤትነቱን ለጎታ መልሱ። 

ሉዶልፍ ተማሪውን እስከ መጨረሻው ይቅር አላለውም። እኔም ብሆን አልለውም ነበር።