መምህሩን በነጥብ ማስፈራራት ይቁም



ሱፐርቫይዘር ይመጣል የተባለ ሰሞን በትምህርት ቤት ምን እንደሚሆን ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የሳምንቱ ዕቅድ በሌሊት ይጻፋል፤ ላልተካሄደ ስብሰባ ቃለ ጉባዔ ይዘጋጃል። እንግዳው ፋይል አገላብጦ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ነጥብ ሞልቶ ይሄዳል። መምህሩ ስንት ተሰጠኝ እያለ እንቅልፍ ያጣል።

እኛ ትምህርት ቤት አይፈተሽ አንልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር እንደማንኛውም ወላጅ ደንግጠናል። የማንቀበለው ጥፋቱን ሁሉ ጠመኔ በያዘው ሰው ላይ መደፍደፍን ነው። የኢንስፔክሽን ማዕቀፉ ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን መዝኖ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። መጽሐፍ፣ ወንበርና ውሃ የሚያቀርበው መምህሩ አይደለም። ዝቅተኛ ደረጃ ሲመጣ ግን መጽሐፉን ያላቀረበው ቢሮ አይጠየቅም፤ በስብሰባ ላይ የሚወቀሰው መምህሩ ነው።

ግምገማ የሚለው ቃል ራሱ ጠባሳ አለው። በኢህአዴግ ዘመን መምህሩ በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ራሱን እንዲሂስ ይደረግ ነበር፤ «1 ለ 5» የተባለው አደረጃጀት ደግሞ ጓደኛን ከጓደኛ አስፈራርቷል። ኢህአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ፍርሃቱ ግን አብሮት አልፈረሰም። የአፈጻጸም ነጥብ ከደረጃ ዕድገት ጋር ስለተቆራኘ፣ ክፍሉ ከአቅሙ በላይ የሆነበት መምህር እንኳ ለሱፐርቫይዘሩ «ደህና ነው» ይላል። ረዳቱና ከሳሹ አንድ ሰው ከሆነ ለማን ይናገር? ጭንቀቱንም ጨጓራ ነው፣ ራስ ምታት ነው እያለ ይሸፍነዋል፤ በአገራችን ለጭንቀት ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደ እብደት ይቆጠራልና።

ብትመርጡን ድጋፍ የሚሰጠውና ነጥብ የሚሞላው ሰው እንዲለያዩ እናደርጋለን። የኢንስፔክሽን ሪፖርት በቅድሚያ በጀት ለሚያጸድቀው ምክር ቤት ይቀርባል። መምህሩ ነጥቡን አይቶ ከፓርቲ ነፃ ለሆነ አካል ይግባኝ ይላል። የፓርቲ አባልነት በቅጽም ሆነ በቃል በምዘና ውስጥ አይነሳም። ለመምህራን የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንመድባለን፤ ለሁሉም ትምህርት ቤት የሚበቃ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ስለማይገኝ በየወረዳው ከአንድ እንጀምራለን።