ጄኔራል ደምሴ ለማን ይናገሩ ነበር?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ወደ ምሥራቅ ጀርመን የያዘው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲነሣ፣ የአገሪቱ ዋና ዋና ጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ለማድረግ መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ አሉ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሐ ደስታ አሉ። በዚያው ዕለት ሁለቱም በሕንፃው ውስጥ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ከዚያ ስብሰባ አልነበሩም። አሥመራ ላይ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ነበሩና የሙከራው ሌላኛው እጅ በእሳቸው ሥር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ከከሸፈ በኋላ አሥመራም አልቆየም። ሳምንቱ ሳይወጣ የአየር ወለድ ወታደሮች፣ የራሳቸው ሠራዊት ልጆች፣ ተነሡባቸውና ገደሏቸው። አስከሬናቸውም ለወታደር የሚገባው ክብር አልተሰጠውም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያዝና ሲታዘዝ የኖረ ሰው መጨረሻው እንዲህ ሆነ።

ይህ ጋዜጣ የግንቦት 8ን ሙከራ አያወድስም። ሥልጣንን በጠመንጃ መያዝ ትናንትም ዛሬም ስሕተት ነው። በዚያው ዕለት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም በባልደረባቸው በሜጀር ጄኔራል አበራ አበበ ጥይት ወደቁ። ኋላም ገዳዩ ራሳቸው ተገደሉ። እንዲህ ያለ ደም የትኛውንም ዓላማ ያቆሽሻል። ነገር ግን ጄኔራሎቹን ከሃዲ ብሎ መዝጋትም ሆነ ጀግና ብሎ ሐውልት ማቆም ዋናውን ጥያቄ ያሳልፈዋል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ጄኔራል ደምሴ የሚያውቁትን እውነት ለማን ይናገሩ ነበር?

የሚያውቁት ብዙ ነበር። በምሥራቅ የአንደኛውን አብዮታዊ ሠራዊት ያዘዙ ሰው ናቸው። ሰሜን ላይ ደግሞ መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋበት ላይ ናደው እዝ ፈርሶ፣ መድፉና ታንኩ ለሻዕቢያ ቀርቷል። የካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ተደመሰሰና ሠራዊቱ ትግራይን ለቅቆ ወጣ። ኤርትራ ውስጥ ያለው ጦር ከመሀል አገር የሚያገናኘው የየብስ መንገድ ተቆረጠበት፤ ስንቁም ቁስለኛውም በአውሮፕላንና በመርከብ ላይ ተንጠለጠለ። ይህንን ለማየት ጄኔራል መሆን አያስፈልግም፤ ምሽግ ውስጥ ያለው አሥር አለቃም ያውቀው ነበር።

ለበላይ መንገር ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ አንድ አዛዥ ብቻውን አያዝም። ከጎኑ የፖለቲካ ኮሚሳር አለ፤ ከኮሚሳሩ ጎን የኢንስፔክሽን ሹም አለ፤ ከሁሉም ጀርባ ወታደራዊ ደኅንነት አለ። እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ወደ ላይ ይጽፋል። አዛዡ "ጥይት አልቋል፣ ሰው ደክሟል፣ እናፈግፍግ" ቢል፣ ያ ቃል ከእሱ ሪፖርት ቀድሞ "ተስፋ ቆራጭ" የሚል ስም ተለጥፎበት አዲስ አበባ ይደርሳል። አፋበት ከመውደቁ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ የካቲት 1980 ዓ.ም. ላይ የናደው እዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ትእዛዝ ተረሽነዋል። በጦሩ ዘንድ የተከበሩ መኮንን ነበሩ። የእሳቸውን ሞት የሰማ አዛዥ ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይጽፋል? "ሁሉም ደኅና ነው" ነዋ።

እኛ የመፈንቅለ መንግሥቱን ሥር እዚህ ጋ እናየዋለን። ሪፖርት ያስረሽናል ተብሎ በተፈራበት ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ምሥጢር ይበቅላል፤ ሰው ማውራት ያለበትን በጠረጴዛው ላይ ማውራት ሲከለከል ከጠረጴዛው ሥር ያወራዋል። ጄኔራሎቹ የፈለጉት ጦርነቱ በድርድር እንዲያበቃ ነበር። ይህን ሐሳብ በግልጽ አቅርቦ የሚከራከርበት ሸንጎ አንድም አልነበረም። ሸንጎ የሚባል ምክር ቤት በስም ነበረ፤ ደፍሮ የሚጠይቅ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። ግንቦት 1982 ዓ.ም. ላይ ለፍርድ ከቀረቡት ጄኔራሎች 12ቱ ተረሸኑ። ጦሩ በብዙ ዓመት ያፈራቸውን አዛዦች በአንድ ዓመት ውስጥ አጣ። ከሙከራው ሁለት ዓመት ከአምስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። ምሽግ ውስጥ የነበረው ወታደር ግን የትም የሚሸሽበት አልነበረውም፤ ከአሥመራ በረሃ አቋርጦ ሱዳን የገባ፣ የተማረከ፣ በየከተማው ቁራሽ ለምኖ አገሩ የደረሰ ስንቱ ነው።

የዛሬው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። መልካም ነው። ግን ወታደር ከፓርቲ ነጻ ነው ማለት አፉ ይዘጋ ማለት አይደለም። አንድ የጦር አዛዥ የተሰጠው ግዳጅ ባለው ኃይል እንደማይቻል ሲያምን፣ በዝግ ስብሰባም ቢሆን ለሕዝብ እንደራሴዎች ቋሚ ኮሚቴ ቀርቦ የሚናገርበት፣ በመናገሩም ማዕረጉንና ነጻነቱን የማያጣበት ሕግ ሊወጣ ይገባል። ውሳኔው የሲቪሉ መንግሥት ነው፤ መረጃው ግን የአዛዡ ግዴታ ነው። ምክር ቤቱ ይህን አጀንዳ አድርጎ እንዲይዘው እንጠይቃለን።

የጦር ትምህርት ቤቶቻችንም ግንቦት 8ን በዝምታ ማለፋቸውን ያቁሙ። ዕጩ መኮንን ስለ ዓድዋ እየተማረ ስለ አፋበትና ስለ አሥመራው ግንቦት ሳይማር መመረቅ የለበትም።

ሌላም አለ። የጄኔራል ደምሴ ልጅ ደረጀ ደምሴ "አባቴ ያቺን ሰዓት" የሚል መጽሐፍ ጽፏል። አንድ ልጅ የአባቱን የመጨረሻ ሰዓት በራሱ ድካም ሲፈልግ፣ መንግሥት የያዘውን ሰነድ በመደርደሪያ ላይ ማስቀመጡ ተገቢ አይደለም። የ1982ቱ ችሎት መዝገብ፣ የክስ ቻርጁም፣ ተከሳሾቹ የሰጡት ቃልም፣ ሳይሸራረፍ ለተመራማሪና ለቤተሰብ ይከፈት። ያን ጊዜ ልጆች የነበሩት ዛሬ ጸጉራቸው ሸብቷል።